ለእናቴ ቤትና ለጃንሜዳ የሚሆን ካሜራ፦ ፉጂ ኤክስ100ቪአይ ወይስ ካኖን አር50?

ብርቱካን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ሰላም ለሁላችሁ። ካሜራ ልገዛ ነው፤ ምክራችሁን እፈልጋለሁ።

ለገና አገር ቤት እገባለሁ። እናቴ ደብረ ብርሃን ናት። ገናን እሷ ጋ እውላለሁ፣ ለጥምቀት ደግሞ አዲስ አበባ ወርጄ ጃንሜዳ ነው የማከብረው። የስድስት ዓመት ልጄም አብራኝ አለች። እስካሁን የማነሳው በስልኬ ነው። ቀን ላይ ምንም አይወጣለትም። ማታ ቤት ውስጥ ግን የሰው ፊት ይለሰልስና መስመሩ ሁሉ ይጠፋል። እኔ ደግሞ የእናቴን ፊት የምፈልገው ከነመስመሩ ነው።

በጀቴ ወደ 1,700 ዶላር ነው። አንደኛው ያሰብኩት ፉጂፊልም ኤክስ100ቪአይ ነው። ሌንሱ አይወልቅም፣ ዙምም የለውም። ግን ትንሽ ነው፣ አያያዙም መልኩም ደስ ይለኛል። በ2024 ሲወጣ 1,599 ዶላር ነበር። አሁን ጨምሯል፤ ያገለገለ ግን አላጣም። ሁለተኛው ካኖን አር50 ከነኪት ሌንሱ (አብሮት ከሚሸጠው ሌንስ ጋር) ነው። ይህኛው ሚረርለስ ነው፣ ሌንሱ ይቀየራል፣ ዋጋውም የፉጂውን ግማሽ ቢሆን ነው።

የማነሳው እናቴን ቡና ስታፈላ፣ ልጄን ከእህቴ ልጆች ጋር ስትሯሯጥ፣ ከዚያ ደግሞ ታቦት ሲወጣ ነው። እናቴ ትልቅ ካሜራ ካየች ነጠላዋን አስተካክላ ቀጥ ብላ ትቀመጣለች። እንደዚያ ሆና እንድትነሳ አልፈልግም።

ሴንሰሩ (ብርሃን የሚቀበለው ክፍል) የሚበልጠው የቱ ነው? የቱን ልግዛ?


ዮኒ (ፍራንክፈርት)

ሰላም ብርቱካን። እኔ የኤክስ100ቪአይን ታላቅ ወንድም፣ ኤክስ100ቪን ነው የምይዘው። ከ2020 ጀምሮ የተሸጠው ነው። ሳላመነታ ፉጂውን ግዢ እልሻለሁ።

ምክንያቴ ቀላል ነው። ካሜራው ሁልጊዜ አብሮኝ አለ። ሥራ ስሄድ ቦርሳዬ ውስጥ ነው፣ ቅዳሜ ገበያ ስወጣ አንገቴ ላይ ነው። ሌንስ የሚቀየርለት ካሜራም ነበረኝ። ቦርሳው፣ ሌንሱ፣ የቱን ልያዝ የሚለው ሐሳብ ሲደመር ቤት መቅረት አመጣ። አሁን አንድ ሌንስ ነው ያለኝ፤ ካልበቃኝ በእግሬ እጠጋለሁ።

ድምፁ ደግሞ! መዝጊያው ያለው ሌንሱ ውስጥ ስለሆነ የሚሰማው በጣም ትንሽ ጠቅታ ብቻ ነው። ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ማንም ዞሮ አያይሽም። ሌንሱ ኤፍ 2 ስለሆነ (ቁጥሩ ሲያንስ ብዙ ብርሃን ይገባል) ማታም ይሠራል። ቀለሙን ልክ እዚያው ካሜራው ላይ አስተካክለሽ ወዲያው ለዘመድ ትልኪያለሽ። እኔ ክላሲክ ክሮም የሚባለውን ነው የምወደው። ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ መቀባባት አያስፈልግም።

እናትሽ ካሜራ ሲያዩ ቀጥ ብለው የሚቀመጡ ከሆነማ መልሱ ይኸው ነው።


ካሜራማን ሸገር (አዲስ አበባ)

እህቴ ብርቱካን፣ እናትሽን በሰላም ያገናኝሽ። እኔ አዲስ አበባ ሰርግ አነሳለሁ። ከፊልም ዘመን ጀምሮ እንጀራዬ ይኸው ነው። ለሥራ ካኖን ነው የምይዘው። ለራሴ ደግሞ ሪኮ ጂአር 3ኤክስ አለኝ፤ ኪስ የሚገባ፣ ሌንሱ የማይወልቅ። ሁለቱንም ዓይነት በየቀኑ እነካካለሁ፣ ሁለቱንም እወዳቸዋለሁ።

መጀመሪያ የሴንሰሩን ነገር እንዝጋው። ሁለቱም ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መጠን ናቸው። የፉጂው 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር ነው፣ የካኖኑ 22.3 በ14.9። ይህ ልዩነት ፎቶ ላይ አይታይሽም። ኮምፓክት (ትንሽ፣ ሌንሱ የማይወልቅ) ስለተባለ ሴንሰሩ ትንሽ ነው ማለት አይደለም። ኪሴ ውስጥ ያለው ሪኮም ያው ኤፒኤስ-ሲ ነው። በሴንሰር አትምረጪ።

የሚለያቸው ሌንሱ ነው። የአር50 ኪት ሌንስ 18-45 ነው፤ ሰፊው ጫፍ ላይ ኤፍ 4.5፣ ስታቀርቢ ኤፍ 6.3 ይሆናል። የፉጂው ኤፍ 2 ከኤፍ 6.3 ጋር ሲተያይ አሥር እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ማታ በአንድ አምፖል ስታነሺ ይህን አስቢው። ፉጂው አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 1,600 ላይ የሚያነሳውን ፎቶ ካኖኑ በኪቱ አይኤስኦ 16,000 ይጠይቅበታል። እዚያ ላይ ኖይዙ (ፎቶው ላይ የሚመጣው ነጠብጣብ) ፊቱን ይበላዋል። ያኔ ሰው ካሜራውን ይረግማል። ጥፋቱ ግን የሌንሱ ነው። አር50ን ከነኪቱ ብቻ ይዘሽ ደብረ ብርሃን አትሂጂ። እዚህ ላይ ከዮኒ ጋር አንድ ነኝ።

ግን ኤክስ100ቪአይን ከአር50 ከነኪቱ ጋር ማወዳደር ፍርደ ገምድልነት ነው። በዚያው በጀት አር50ን ባዶ ቦዲውን (ያለ ሌንስ) ገዝተሽ ጥሩ ሌንስ ልትጨምሪለት ትችያለሽ። ሲግማ 18-50 ኤፍ 2.8 የሚባል አለ። ከ2024 ጀምሮ ለካኖን አርኤፍም (ለአር50 ዓይነት የሌንስ መግጠሚያ) ወጥቷል። ክብደቱ 300 ግራም ቢሆን ነው። ካኖኑ ላይ ሲገጠም ሽፋኑ በሙሉ ፍሬም ሂሳብ (በትልቁ ሴንሰር መለኪያ፤ ቁጥሩ ሲያንስ ሰፊ፣ ሲበዛ ቅርብ ያሳያል) ከ29 እስከ 80 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። እስከ መጨረሻው ኤፍ 2.8 ላይ ይቆያል። ከፉጂው ኤፍ 2 በግማሽ ያነሰ ብርሃን ነው። ከኪቱ ረጅም ጫፍ ግን አምስት እጥፍ ይበልጣል። ልታወዳድሪ የሚገባሽ እነዚህን ሁለቱን ነው።

አንድ ሰው መምጣቱ አይቀርምና ቀድሜ ልበል፦ አዎ፣ ኤክስ100ቪአይ ውስጡ የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ አለው፣ አር50 የለውም፣ ያ ሲግማም የለውም። ማረጋጊያ የሚያረጋጋው ያንቺን እጅ ነው። ጀበና የያዘችን እጅ አያቆምም፣ የምትሮጥ ልጅንም አያቆምም። ሰው ለማንሳት መዝጊያሽ ቢያንስ 1/125 ሰከንድ ላይ መሆን አለበት። ያን ጊዜ ማረጋጊያው ብዙም ሥራ የለውም።

አሁን ዋናው ጥያቄ። ከምታነሺው ሰው ምን ያህል ርቀሽ ነው የምትቆሚው?

የፉጂው ሌንስ 23 ሚሊ ሜትር ነው፤ በሙሉ ፍሬም ሂሳብ 35 ማለት ነው። ካሜራውን አግድም ይዘሽ አንድ ሜትር ላይ ብትቆሚ ፍሬሙ አንድ ሜትር በ70 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይይዛል። ሁለት ሜትር ላይ እጥፉን። እናትሽ ቡና ሲያፈሉ ረከቦቱ፣ ከሰሉ፣ ቄጠማው፣ ዙሪያው የተቀመጠው ሰው ሁሉ ይገባል። ለዚህ 35 ድንቅ ነው። ፊታቸውን ብቻ ስትፈልጊ ግን ረከቦቱን ተሻግረሽ ፊታቸው ላይ መደቀን አለብሽ። ሲግማውን 50 ላይ አድርገሽ ከሁለት ሜትር በላይ ርቀሽ ያንኑ ፍሬም ታገኛለሽ። እሳቸውም ወሬያቸውን አያቋርጡም። ትንሽ ካሜራ ሰው አያስደነግጥም ይባላል፣ እውነት ነው። አንድ ሜትር ላይ የቆመ ሰው ግን ካሜራው ቢያንስም ይታያል። በሰርግ ቤት ያየሁት ይህን ነው፤ እናቶች የሚሸሹት ከካሜራው መጠን ይልቅ ከቅርበቱ ነው።

ስለዚህ ከመግዛትሽ በፊት አንድ ነገር አድርጊልኝ። የስልክሽን ጋለሪ ክፈቺ። የምትወጃቸውን ፎቶዎች ብቻ ምረጪ፣ ሁሉንም አይደለም። የእያንዳንዱን ዝርዝር ስትከፍቺ ሚሊ ሜትሩ ወይም የዙሙ መጠን ተጽፏል። 24 ወይም 26 የሚል ከበዛ ሰፊ የምትወጂ ነሽ። በ2 እና በ3 የተጎተተ ከበዛ ደግሞ የምታነሺው ከርቀት ነው። ተመልከቺና ንገሪን።

ከምርጫው ውጭ ቢሆንም አንድ ልጨምር፣ ምክንያቱም የሀበሻ ፎቶ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ነጠላና ጋቢ ፍሬሙን ከሞላው ካሜራ ትዕይንቱ ሁሉ የደመቀ ይመስለውና ያጨልመዋል። ነጠላው ግራጫ ይሆናል፣ ጠይም ፊት ደግሞ ጨለማ ውስጥ ይገባል። መድኃኒቱ ኤክስፖዠር ኮምፐንሴሽን የሚባለው ነው። ቤት ውስጥና ጥላ ውስጥ ወደ ፕላስ ሁለት ሦስተኛ ወይም ፕላስ አንድ ከፍ አድርጊው። ፉጂው ለዚህ የራሱ ዲያል ከላይ አለው፣ ሳታስቢው በአውራ ጣትሽ ታዞሪዋለሽ። ይህን በጣም አከብርለታለሁ። የቀትር ፀሐይ ላይ ግን ተጠንቀቂ፤ ፊቱን ላብራ ስትዪ ነጠላው ነጭ ወረቀት ሆኖ ጥለቱ ይጠፋል። እንዲያ ሲሆን ሰውየውን ወደ ጥላ ጥሪው። ካልሆነ በሮው (ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል) አንሺና በኋላ አስተካክዪው።


ሊያ (ዱባይ)

ሁለታችሁም ስለ ሶኒ አርኤክስ100 ማርክ 7 ለምን አታነሱም? 302 ግራም ነው፣ የእውነት ኪስ ይገባል። ዙሙ ከ24 እስከ 200 ይደርሳል። ልጆቼን ትምህርት ቤት መድረክ ላይ የማነሳው በእሱ ነው። ፎከሱ ዓይን ይዞ አይለቅም። ለጃንሜዳ ከዚህ የሚሻል አይታየኝም።


ካሜራማን ሸገር (አዲስ አበባ)

ሊያ፣ ለቀን ብርሃን ልክ ነሽ። ለጃንሜዳ ብቻ ቢሆን እኔም እሱን ነበር የምለው። ሴንሰሩ ግን 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ ስፋቱ የኤፒኤስ-ሲ ሲሶ ገደማ። ኤፍ 2.8 የሚሆነውም ሰፊው ጫፍ ላይ ብቻ ነው፣ ስታቀርቢ ወደ 4.5 ይወርዳል። ብርቱካን የተቸገረችው ማታ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ከስልኳ የሚሻለው በጥቂቱ ነው።


ብርቱካን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ዮኒ፣ ሊያ፣ እናንተንም አመሰግናለሁ።

ጋለሪውን እንዳሉኝ አየሁት። ልጄን የማነሳው በሰፊው ነው፣ ወይ በ1 ወይ ትንሽ ጎትቼ። የእናቴ ፎቶዎች ግን፣ የምወዳቸው ሁሉ፣ በ2 ወይም በ3 የተጎተቱ ናቸው። በር ላይ ቆሜ፣ ወይም ከክፍሉ ወዲያኛው ጥግ። ሳላስበው ነው እንዲህ የማደርገው። እሷ ስትሠራ አጠገቧ መግባት ይከብደኛል፣ እሷም «ምን ትፈልጊያለሽ» ብላ ሥራዋን ታቆማለች።

አሁን የሚያሳስበኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ፉጂው 40 ሜጋፒክስል ነው ይባላል። ታዲያ ቆርጬ ማቅረብ አልችልም? ሁለተኛ፣ ካኖኑ ከሲግማው ጋር ሲደመር ትልቅ አይሆንብኝም?


ዮኒ (ፍራንክፈርት)

መቁረጥማ ትችያለሽ። ካሜራው ራሱ ወደ 50 እና ወደ 70 የሚቆርጥ ቁልፍ አለው። 50 ላይ ወደ 20 ሜጋፒክስል ይቀርሻል፤ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ፎቶ ይወጣዋል። 70 ላይ ወደ 10። ለቤተሰብ አልበም ይበቃል።

ጋሼ ያላነሱት ሌላም ነገር አለ። የጥምቀት ጠዋት ጃንሜዳ ላይ ጸበል ይረጫል። ሕዝቡ ይገፋፋል፣ አቧራ አለ። ኤክስ100ቪአይ ሌንሱ ላይ የሚታሰረው ቀለበትና የመስታወት ፊልተር ከተገጠመለት እርጥበትና አቧራን ይከላከላል። አር50 እንደዚያ ተደርጎ አልተሠራም። እዚያ ግርግር ውስጥ ሌንስ መቀየርማ አይታሰብም። ደግሞ እኔ ልሙት፣ የጥምቀት ምርጥ ፎቶ ከሩቅ የሚነሳ አይደለም። ሕዝቡ መሃል ገብተሽ፣ ጥላው ከላይሽ፣ ዲያቆኑ አጠገብሽ ሆኖ በ35 የሚነሳው ነው።


ካሜራማን ሸገር (አዲስ አበባ)

ዮኒ ስለ ጸበሉ እውነቱን ነው። ስለ 35 እና ስለ ጥምቀትም እውነቱን ነው፣ አልከራከረውም። ብርቱካን የምትሄደው ለጥምቀት ብቻ ቢሆን ፉጂውን ይዘሽ ሂጂ እላት ነበር።

ስለ መቁረጡ ግን አንድ ነገር ልብ በዪ። ስትቆርጪ የሚቀንሰው ሜጋፒክስል ብቻ አይደለም። የምትጠቀሚው ትንሿን የሴንሰር ክፍል ነው፤ ወደ 70 ስትቆርጪ የሴንሰሩ ሩብ ብቻ ይቀራል። ማታ ላይ ኖይዙ አብሮ ይጎላል። ቀን ላይ ቁረጪ፣ ምንም አይልሽም። አንቺ ግን እናትሽን ከበር ላይ ሆነሽ፣ በማታ፣ በ2 እና በ3 ጎትተሽ ነው የምታነሺው። ያ ማለት ካሜራውን ሁልጊዜ ደካማ ጎኑ ላይ ልትጠቀሚበት ነው።

«በእግርሽ ተጠጊ» የሚለውን ምክር እኔም ለወጣቶች እሰጣለሁ። ለአንቺ ግን አልሰጥም። የቆምሽበት ቦታ በምክንያት ነው። እናትሽ ሥራቸውን የማያቆሙበት ርቀት ያ ነው። ካሜራው ወዳንቺ ርቀት ይምጣ እንጂ አንቺ ለካሜራው ብለሽ አትቀያየሪ።

ስለዚህ ምክሬ አር50 ከሲግማ 18-50 ጋር ነው። ክብደቱን ደምሪው። አር50 ከነባትሪው 375 ግራም ነው፣ ሲግማው 300፤ በአጠቃላይ 675። ኤክስ100ቪአይ 521 ነው። ልዩነቱ 150 ግራም ቢሆን ነው። ቅርጹ ግን ይለያል፣ ሌንሱ ወደ ፊት ይወጣል፣ ኮት ኪስ አይገባም። ኤክስ100ቪአይም ቢሆን ሱሪ ኪስ አይገባም። ኪስ የሚገባ ከተባለ እንደኔ ሪኮ 260 ግራም ገደማ የሚመዝነውን መፈለግ ነው። እሱ ደግሞ ፍላሽም ቪውፋይንደርም (በዓይን ተጠግተሽ የምታዪበት መስኮት) የለውም፣ ባትሪው ቶሎ ያልቃል፣ አቧራ ውስጡ ከገባ ሌንሱን ነቅለሽ አታጸጂውም።

ልጅሽን በተመለከተም ካኖኑ ይሻልሻል። ፎከሱ ዓይንን ይዞ ይከተላል። የኤክስ100 ሌንስ ፎከሱን ሲቀያይር ዝግ ይላል፤ ወደ አንቺ የምትሮጥ ልጅ ላይ ይታወቅሻል። ዮኒ ይቅርታ፣ አንተም የምታውቀው ይመስለኛል።

እናትሽን በሚመለከት፣ የደረስሽ ቀን እሳቸውን አታንሺ። ካሜራውን ጠረጴዛ ላይ ተዪው፣ ልጆቹን አንሺ፣ ፎቶውን አሳዪያቸው። በማግስቱ ዕቃ ይሆንላቸዋል። አር50 ድምፅ የማያሰማ ሁነታ አለው። እሱን ክፈቺው፣ ነገር ግን በአንዳንድ አምፖሎች ሥር ፎቶው ላይ አግድም ጥላ ጥላ መስመር ሊያመጣ ይችላል። ካየሽ ወደ ተራው መዝጊያ ተመለሺ።

ለጃንሜዳ ካሜራውን ግልጽ ፕላስቲክ ከረጢት አልብሺው። ሌንሱ የሚወጣበትን ቀዳ አድርገሽ በላስቲክ እሰሪው። እኛ ዝናብ ሲይዘን የምናደርገው ይህንኑ ነው። ሌንስ እዚያ አትቀይሪ። የከተራ ለት ታቦቱ ሲወርድ ከሩቅ ማንሳት ካማረሽ አዲስ አበባ ውስጥ ሌንስ የሚያከራይ አይጠፋም። ከተማው በካኖን ኢኤፍ ሌንስ የተሞላ ነው፣ የሰርግ ባለሙያው ሁሉ ይይዘዋል። የድሮውን ኢኤፍ ሌንስ አር50 ላይ የሚያስገጥመውን የኢኤፍ-ኢኦኤስ አር አዳፕተር ብቻ ከዚያ ገዝተሽ ነዪ። የድሮውን 55-250 በእሱ ብትገጥሚ እስከ 400 ድረስ ይወስድሻል። እንዲህ ያለ ዕድል ሌንሱ የማይወልቅ ካሜራ አይሰጥሽም።

ሁለት ትርፍ ባትሪ ያዢ። የደብረ ብርሃንን ብርድ ታውቂዋለሽ፤ ባትሪ በብርድ ቶሎ ይደክማል። ሌሊቱን ከካሜራው አውጥተሽ ሙቀት ያለበት አሳድሪው።


ብርቱካን (ሲልቨር ስፕሪንግ)

ጋሼ፣ እርስዎ እንዳሉት አር50ን ከሲግማው ጋር አዛለሁ። ቦዲውን ያገለገለ ባገኝ ደስ ይለኛል፣ የሚተርፈኝን ለአዳፕተሩ አደርገዋለሁ። ያገለገለ ስገዛ ምን ልይ?


ካሜራማን ሸገር (አዲስ አበባ)

ሌንሱን አዲስ ግዢ፣ ቦዲው ያገለገለ ቢሆን አይከፋም። ስታዪው ሌንስ ገጥመሽ ኤፍ 16 ላይ አድርጊና ፎከሱን በእጅ አደብዝዘሽ ንጹሕ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሺ። ፎቶውን አጉልተሽ ከጥግ እስከ ጥግ እዪው። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ነው። አቧራ ይጸዳል፣ ዋጋ ለማስቀነስ ይጠቅምሻል። ከቦታው የማይነቃነቅ ጭረት ከሆነ ግን ተዪው። ሌንሱ የሚገጠምበትን ብረት ተመልከቺ፤ ከተጣመመ ወይም ከላላ ወድቆ ያውቃል ማለት ነው። የባትሪውን በር ክፈቺ፣ የቻርጅ ቀዳዳውን ሞክሪ፣ ስክሪኑን አውጥተሽ በሁሉም አቅጣጫ አዙሪው።

ከዚያ ከጉዞሽ ቢያንስ አንድ ወር ቀድመሽ በእጅሽ ይግባ። ማታ ማታ ልጅሽን ኩሽና ውስጥ በአንድ አምፖል አንሻት። መዝጊያውን 1/125 ላይ አድርገሽ አይኤስኦውን ለካሜራው ተዪለት። ካልወደድሽው የመመለሻው ቀን ሳያልፍ መልሺውና የዮኒን ምክር ውሰጂ።